አንደኛ የወጣው ፊልም

ዋቅቶላ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔዎቹ ጋቢና ነጠላቸውን ሰቅለው ከሚሸጡበት መደዳ ጀርባ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። ጥበብ አሠርቶ ቀሚስ የሚያሰፋ ሁሉ እሱ ዘንድ ስለሚመጣ አግዳሚው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሰፈሩ ግን ዋቅቶላን የሚያውቀው በመርፌው ሳይሆን በሲኒማው ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቁን ቆልፎ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ይወርዳል፤ ሰኞ ጠዋት መኪናውን እየረገጠ ያየውን ፊልም ይተርካል። አተራረኩ ደግሞ ለጉድ ነው። ፈረሰኛው ሲጋልብ ፔዳሉን ያፈጥናል፤ ገዳዩ በሩን ሊከፍት ሲል እግሩን ያነሣና መኪናዋን ጸጥ ያደርጋታል። ሸማኔዎቹ ያኔ ምራቃቸውን እንኳ አይውጡም።

ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። እውነቱ ሌላ ነበር።

ዋቅቶላ የወለጋ ሰው ነው፤ የወንጌል እምነቱን ከአባቱ ነው የያዘው። በ1971 ዓ.ም. የሚያመልክበት ጸሎት ቤት ታሸገ፤ ሰባኪው ታሰረ። ምእመናኑ በስብሰባ ላይ ለመፈክር ግራ እጃቸውን የማያነሡ፣ አብዮቱን የሚንቁ፣ የመጤ ሃይማኖት ተከታዮች ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየሰው ቤት መጸለይ ጀመሩ። እነዋቅቶላ ቅዳሜ ከሰዓት የሚገናኙት ቀጨኔ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ቤት ነበር። ገበያነሽ ሸክላ እየሸጡ የሚተዳደሩ ባልቴት ናቸው። ግቢያቸው ገንቦና ድስት የሚያማርጥ ሰው ስለማያጣው፣ ጥቂት ሰው ቢጨመርበት ዓይን አይስብም። ዋቅቶላም ባዶ እጁን ላለመውጣት አንዳንድ ጊዜ ድስት ይዞ ስለሚመለስ፣ ቤቱ ውስጥ ድስት መቀመጫ አሳጣ።

ችግሩ ሽሮ ሜዳ ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ የሚጠፋ ሰው፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ "የት ነው የሚሄደው?" መባሉ አይቀርም። መላውን ያመጣችው ሚስቱ ጸሐይ ናት።

"ሲኒማ ነው የምሄደው በል" አለችው።

"ሲኒማ? እኔ?" ዋቅቶላ ሲኒማ ቤት እግሩ ረግጦ አያውቅም፤ ዓለማዊ ነገር ነው ብሎ የሚሸሸው ነው።

"ጴንጤ ሲኒማ አይገባም እያሉ አይደል የሚያወሩት? እንግዲያው ሲኒማ የሚገባ ሰው ጴንጤ አይደለም። በቃ።"

ዋቅቶላ ክርና ቁልፍ ሊገዛ ፒያሳ በወረደ ቁጥር ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ይቆም ጀመር። ደጁ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከፊልሙ የተወሰዱ ፎቶግራፎች ይለጠፋሉ። እነሱን ልብ ብሎ ያይና፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል፤ መንገድ ላይ እያሰላሰለ የጎደለውን ይሞላና ሰኞ ይተርካል። ማንም አልነቃበትም። እንዲያውም ወደዱት። ቆይቶ ግን ነገሩ እሱንም ያዘው። ፎቶግራፎቹ ያላሳዩት ነገር እንቅልፍ ይነሣው ጀመር፤ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ቲኬት ቆርጦ ገባ። ሲወጣ ጌታን ይቅርታ ለመነ። በሳምንቱ ደግሞ ገባ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን ፊልሞች በሥራ ቀን ሹልክ ብሎ በዓይኑ ያያል፤ ቅዳሜ እንዳየ አድርጎ ያወራል። ያመለጠውን ብቻ ከሣጥኑ ያሟላል።

የደረጃውን ነገር የጀመረው ሾዴ ነው። ሾዴ የጋሞ ሸማኔ ነው፤ ሳቁ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ። ለአዲስ ዓመት የታዘዘው ሥራ ለየባለቤቱ ተሰጥቶ ሲያልቅ፣ ሸማኔዎቹ ለመስቀል ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት እጃቸው ያርፋል፤ ያኔ አንድ ቀን ሾዴ "ዓመቱን ሙሉ አውርተኸናል፤ አሁን ደግሞ ማርክ ስጥ" አለው። ዋቅቶላም ፊልሞቹን ከመጨረሻው እስከ አንደኛው ደረጃ አወጣላቸው፤ ለያንዳንዱም ከአሥር ሰጠ። ጭቅጭቁ እስከ ማታ አላለቀም። በዓመቱ "የደረጃው ቀን መቼ ነው?" እያሉ መጡ።

ዋቅቶላ በደረጃው አንድ ጥንቃቄ ያደርጋል። ከወዳጅ አገሮች የመጣውን፣ ስለ ትራክተርና ስለ ፋብሪካ የሚያወራውን ፊልም መጨረሻ አያደርገውም፤ አይደፍርም። አንደኛም አያደርገውም፤ ማን ያምነዋል? ሁልጊዜ ሦስተኛ ነው።

በ1972 ክረምት መግቢያ ላይ የሺጥላ የሚባል ሰው ሰፈሩ ገባ። የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳርና ዘይት የሚያድል፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣው ቤልቦተም ሱሪውን ሊያስጠብብ ነው። ዋቅቶላ ለካው፤ ሰውየው ግን አልሄደም፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"ፊልም ታያለህ አሉኝ" አለ።

"አንዳንዴ።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ?"

"ሲመቸኝ።"

"እኔም ቅዳሜ ነው የምገባው። የትኛው ቦታ ነው የምትቀመጠው? ከታች ወይስ ፎቅ?"

ዋቅቶላ በአፉ መርፌ እንደያዘ መስሎ ዝም አለ። መርፌ ግን አልያዘም ነበር።

ሱሪው ካለቀ በኋላም የሺጥላ መምጣቱን አልተወም። ይቀመጣል፤ ያዳምጣል፤ ሌላው ሲስቅ ዘግይቶ ይስቃል። ጥያቄው ሁሉ ስለ ፊልሙ ነው፤ ግን ዋቅቶላ ጆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚገባው። "ፊልሙ ስንት ሰዓት ላይ ለቀቀ?" ሲለው፣ ዋቅቶላ የሚሰማው "ስንት ሰዓት ላይ ከየት ወጣህ?" የሚለው ነው። አንድ ቀን ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ሲነጋገር አየው፤ ሁለቱም ወደ ሱቁ ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ወይም የተመለከቱ መሰለው። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ቀጨኔ በሚያቋርጠው መንገድ ላይ፣ ወንዙ ጋ ሳይደርስ፣ ከአንዲት ኪዮስክ ሲጋራ ሲገዛ አገኘው። ዋቅቶላ ዓይኑን ሰብሮ አለፈና ወደ ስድስት ኪሎ ወረደ፤ ዞሮ ዞሮ ዘግይቶ ገበያነሽ ቤት ሲደርስ ጸሎቱ ተገባዶ ነበር።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ልክ የለውም። ሾዴ ድንገት ዝም ሲል "ምን ነግረውት ነው?" ይላል። ጎረቤት ጨው ልትበደር ስትመጣ ቤቱን እየቃኘች ይመስለዋል። ጸሐይ ራሷ "ሰውን ሁሉ መጠርጠሩን አሁንስ አበዛኸው፤ ነገ እኔንም ትጠረጥራለህ" ብላ ተቆጣችው። "አንቺንማ አልጠረጥርም" አላት፤ ካለ በኋላ ግን ወንድሟ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደሚሠራ ትዝ አለውና በራሱ አፈረ።

መስከረም 1973 አዲስ ዓመት አልፎ የደረጃው ቀን ደረሰ። አግዳሚው ሞላ፤ የተረፈው ደጃፉን ይዞ ቆመ። ሾዴ እንደ ዳኛ መኪናው አጠገብ ተሰየመ። የሺጥላም መጣ። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት፤ ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ነው የለቀቁለት።

ዋቅቶላ ከታች ጀመረ። መጨረሻ የወጣው አንድ የካራቴ ፊልም ነበር። "ከአሥር ሁለት! ሰውየው መንደር ሙሉ ሰው ሲደበድብ ውሎ ሸሚዙ ላይ አንዲት ቁልፍ አልተበጠሰችም። እኔ በዚህ ሙያ ስኖር እንዲህ ያለ ክር አላየሁም።" ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ አንድ የህንድ ፊልም አነሣ፤ ዕውሯ ዘፋኝ በዝናብ መሀል እየዘፈነች እናቷን በድምፅ የምታገኝበትን። "ስድስት። ዘፈኑ ቢያጥር ሰባት ነበር፤ እናትየው እስክትታወቅ ዝናቡ እንኳ ሰልችቶት አባራ።" ከሸማኔዎቹ ግማሾቹ ስድስት ያንሰዋል ብለው ጮኹ፤ ሾዴ በመቀስ የመኪናውን ጠረጴዛ እየመታ ጸጥ አሰኛቸው።

"ሦስተኛ፣ ግድብ ስለሚሠሩት ሠራተኞች የሚያወራው። ሰባት ተኩል።"

"ቆይ" አለ የሺጥላ። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነው። "የግድቡ ሦስተኛ?"

ዋቅቶላ ቀና ብሎ አየው። "ምነው፣ አነሰ?"

"አይ፣ በዛ። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። እውነት አንተ ወደኸው ነው?"

ማንም አልሳቀም። ሳቅ የመጣባቸው ነበሩ፤ ግን ከቀበሌ ሰው አፍ የወጣውን እንዲህ ያለ ነገር ስቆ ማጽደቅ ምን እንደሚያስከትል ማን ያውቃል? ሁሉም እግሩን አየ። ዋቅቶላ ጉሮሮውን ጠርጎ "የሠራተኛው ጥረት ደስ ይላል... እ... ማለቴ፣ ተባብረው መሥራታቸው" አለና ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሁለተኛውን ምን ብሎ እንደጨረሰው ራሱም አላወቀውም።

አንደኛው የታወቀ ነው። ገና ሳይጠራው ሸማኔዎቹ "የጀልባው ሽማግሌ!" ብለው ጮኹ።

የጀልባው ሽማግሌ ዋቅቶላ ካወራቸው ሁሉ የሰውን አንጀት የበላ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ወንዝ ያሻግራል። አንዲት ሙሽራ ለማትወደው ሰው ሊድሯት ሲሉ ከሠርጓ አምልጣ ትመጣበታለች፤ በጀልባው ወለል ሳንቃ ሥር ይሸሽጋታል። ወታደሮች መጥተው "አይተሃታል?" ይሉታል፤ ያንገራግራል እንጂ አይናገርም። ቤቱን ያቃጥሉበታል፤ አይናገርም። በመጨረሻ ልጅቷን አሻግሮ ሲመለስ ጎርፉ ይወስደዋል፤ ባዶ ጀልባዋ ብቻ ተንሳፍፋ ትመጣለች። ይህን ሲተርክ ሾዴ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን እንደጠረገ አይካድም።

"አሥር ከአሥር" አለ ዋቅቶላ።

"አሥር ከአሥር!" አሉ ሁሉም።

"ይሄ ፊልም" አለ የሺጥላ ቀስ ብሎ፣ "ባለፈው ሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የታየው አይደለም? ጀልባ ያለበት?"

"እሱ ነው" አለ ሾዴ።

"እኔ ሁለቱንም ቀን አይቼዋለሁ። ሽማግሌው እኮ አይሞትም። ኮንትሮባንዲስት ነው። ሙሽራዋም ሙሽራ አይደለችም፤ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነው፣ ጓደኛው። ወታደሮቹን ሲያታልሉ ነው ፊልሙ የሚያልቀው።" ዞር ብሎ ሰዎቹን አያቸው። "የሚያስቅ ፊልም ነው። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ ነበር።"

ቤቱ ውስጥ የካውያው ከሰል ሲንጣጣ ተሰማ። ያን ሰሞን ፊልሙ ሲታይ ዋቅቶላ ቅዳሜን ቀጨኔ፣ እሑድን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው ያሳለፈው፤ ያየው ፎቶግራፎቹን ብቻ ነበር። ሽማግሌ በጀልባ፣ ነጭ የለበሰች ሙሽራ፣ ፋኖስ የያዘ ወታደር፣ የሚጤስ ቤት፣ ባዶ ጀልባ። የሚያስቅ ሊሆን ይችላል ብሎ ለአንዲት ሴኮንድ አላሰበም።

ያዳነው ሾዴ ነው። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ "እኔ እኮ ድሮም ነግሬአችኋለሁ!" አለ። "ይሄ ሰው ሲኒማ ቤት የሚገባው ሊተኛ ነው! ተኝቶ ያለመውን ነው የሚነግረን! በሉ፣ ለሕልሙ ነው አሥር የሰጠነው፤ ማርኩ አይነሣም!"

ሳቁ ፈነዳ። ዋቅቶላም ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። የሺጥላ በከንፈሩ ብቻ ፈገግ አለ። ሰዎቹ ሲበተኑ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ "የዚያን ቅዳሜ እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ አንተን ግን አላየሁህም" አለውና ወጣ።

"አውቋል" አላት ለጸሐይ፣ ቤት እንደገባ።

"ካወቀ እንግዲህ አንተን ትቶ እነ እማማ ገበያነሽን ነው የሚፈልገው። ሂድና ንገራቸው።"

ቅዳሜ ዕለት ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ ስንት ጊዜ ወደኋላ እየተገላመጠ፣ ገበያነሽ ደጅ ደረሰ። ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ከመግቢያው ላይ ገለል አላሉለትም።

"ምን ዓይነት ድስት ነበር የፈለግኸው?" አሉት።

ዋቅቶላ መጀመሪያ ውስጥ እንግዳ ሰው ያለ መሰለው። አንገቱን አሰገገ፤ ቤቱ ባዶ ነው። ሁልጊዜ በር ላይ የሚደረደረው ጫማ የለም። "እማማ፣ እኔ እኮ ነኝ።"

"አውቄሃለሁ። ዛሬ ሸክላ የለም። ወደፊትም አይኖርም።"

"ምነው? ሌሎቹስ?"

ገበያነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሊናገሩ አልፈለጉም ነበር፤ ግን ውሸት አይሆንላቸውም። "ከቀበሌው ሰው ጋር ምን ያገናኝሃል፣ ልጄ? ፈለቀ በዓይኑ አይቶሃል። ሱቅህ ውስጥ አብራችሁ ትስቃላችሁ። ሲኒማውም ለወሬ ያህል መስሎን ነበር፤ ለካ እውነት ነው የምትገባው።"

ፈለቀ ከቡድኑ አንዱ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተላላኪ ሆኖ የሚሠራ፣ ጸሎቱ የሚያስለቅስ ወንድም። ዋቅቶላ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ጋለ። "እኔ እኮ ላስጠነቅቃችሁ ነው የመጣሁት! ሰውየው እየተከታተለኝ ነው!"

"የሚከታተልህ ከሆነ" አሉ ገበያነሽ፣ "ለምን ወደዚህ አመጣኸው?"

ዋቅቶላ ዘወር ብሎ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ አየ። ማንም የለበትም። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ለዋቅቶላ ቅዳሜ የሚሄድበት ጠፋው። ሱቁ ውስጥ እንዳይውል፣ ከደረጃው ቀን በኋላ ድንገት ቅዳሜ መሥራት ቢጀምር "ፈርቶ ተወ" ይባላል። ስለዚህ ሲኒማ ቤት ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በውነተኛ ቅዳሜ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። የሺጥላ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ የተቆላ ሱፍ ዘረጋለት።

"ዛሬ መጣህ" አለ።

"መጣሁ።"

"እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያንን ታሪክ ከየት ነው ያመጣኸው?"

ዋቅቶላ አሰበ። ከእውነቱ ግማሹን ማውጣት ሙሉውን ከመደበቅ የሚቀል መሰለው። "ከፎቶግራፎቹ። ቲኬት አልቆብኝ በር ላይ ነው የቆምኩት።"

"ፎቶግራፎቹን ብቻ አይተህ?"

"አዎ።"

መብራቱ ጠፋ፤ ዜናው ጀመረ፤ ሰልፍና ባንዲራ። የሺጥላ በጨለማው ውስጥ "ሁለተኛ ቲኬት እንዳያልቅብህ እኔ ቀድሜ እይዝልሃለሁ" አለው።

እንዳለውም አደረገ። በየቅዳሜው በር ላይ ሁለት ቲኬት ይዞ ይጠብቀዋል። ዋቅቶላ ቢዘገይ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ቆሞ ያገኘዋል። ሲወጡ እስከ ሽሮ ሜዳ አብረው በእግራቸው ይወጣሉ፤ ስለ ፊልሙ ይከራከራሉ፤ የሺጥላ ማርክ ሲሰጥ ስስታም ነው፣ ከስድስት በላይ አያልፍም። ጨዋታው ያምር ነበር። ዋቅቶላ አንዳንዴ ይረሳና ከልቡ ይስቃል፤ ወዲያው ደግሞ ይህ ሰው ዘበኛዬ ይሁን ጓደኛዬ አላውቅም ብሎ ሳቁን ይውጣል።

ጥምቀት አልፎ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከሲኒማ ሲመለስ ጸሐይ በር ላይ ጠበቀችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ያዟቸው" አለች። "አዲሱ ገበያ ነው አሉ፤ ቤት ቀይረው ነበር። እማማ ገበያነሽን፣ ሁሉንም። ዛሬ ከሰዓት።"

ዛሬ ከሰዓት እሱ ሱፍ እየፈለቀቀ ነበር። ከየሺጥላ ጎን።

ከውጭ የቀሩት ምእመናን ፍርዳቸውን ለመስጠት አልዘገዩም። ሌላው ሁሉ ሲታሰር ዋቅቶላ ሱቁ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ገበያ ላይ በእምነት የምታውቃት እህት ጸሐይን አይታ ወደ ማዶ ተሻገረች። ጸሐይ ለገበያነሽ ስንቅ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ወሰደች፤ የምግቡ ሣህን እንደተሞላ ተመለሰ። በማግሥቱ ወሰደች፤ አሁንም እንዳለ ተመለሰ። ጸሐይ ግን መውሰዷን አልተወችም።

ዋቅቶላ ቀበሌው ሱቅ ሄደ። የሺጥላ ስኳር እየመዘነ ነበር። ወረፋው እስኪያልቅ ቆመና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። መፍራቱ ሁሉ አልቆ ነበር።

"አንተ ነህ?" አለው።

የሺጥላ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሚዛኑን እስኪረጋ አየው። "ስላንተ ጠይቀውኛል" አለ። "ሰፈሩ ስገባ ጀምሮ። ይሄ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄድ እወቅ ብለውኛል። መጀመሪያ ላይ አላውቅም አልኩ፤ አላውቅም ነበርና። በኋላ ሲኒማ ነው የሚሄደው፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው አልኩ። እሱም እውነት ነው። ሌላ ያልኩት የለም።"

"ስለ አዲሱ ገበያስ?"

"አዲሱ ገበያ ምን አለ?"

ዋቅቶላ ፊቱን መረመረው። በዓመቱ ስንት ተዋናይ አይቷል፤ የሚዋሽ ሰው ዓይን እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ከዚህ ሰው ፊት ላይ ግን ምንም ማንበብ አልቻለም። ግማሹን አመነ፤ ግማሹን ይዞ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድም አለ። ጸሐይ ናት የገፋችው፤ "ዛሬ ብትቀር ነው ጉድ የሚሆነው" አለችው። ሄደ። የሺጥላ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል ጸሐይ ከእስር ቤት ስትመለስ ሣህኑን ገልብጣ አሳየችው። ባዶ ነው፤ ታጥቧል። ዋቅቶላ አቅፎት ተቀመጠ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አልገባቸውም፤ ግን ያን ቀን ራታቸውን በሉ።

ገበያነሽ የተፈቱት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከስተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሱቁ ውስጥ ሰው እንደሌለ አይተው ገቡና አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዋቅቶላ ከመኪናው ተነሥቶ ቆመ፤ እጃቸውን ልሳም ወይስ ዝም ልበል እያለ ተቸገረ።

"ፈለቀ ነው" አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። "ከአምና ጀምሮ ከመሥሪያ ቤቱ እየወሰዱ ያስፈራሩት ነበር። ልጆችህን አስብ አሉት። በመጨረሻ ስማችንንም ቤቱንም ሰጠ። በፋሲካ ሰሞን እስር ቤት ውስጥ እሱ ራሱ እያለቀሰ ነገረን፤ አንተን ያማህም ዓይናችንን ከራሱ ላይ ሊያነሣ ነበር።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ይቅር ብለነዋል። አንተን ግን ይቅርታ የምንጠይቅህ እኛ ነን።"

"እኔም ጠርጥሬአችሁ ነበር፣ እማማ" አለ ዋቅቶላ። "ማንን ያልጠረጠርኩት አለ? የገዛ ሚስቴን ወንድም እንኳ ጠርጥሬአለሁ።"

"እህል ስመልስባት ሚስትህ ምን አለች?"

"ምንም። በማግሥቱ ሠርታ ወሰደች።"

ባልቴቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዕንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። "ተሰብስበናል፣ የተረፍነው። ቅዳሜ ና" አሉት።

ዋቅቶላ ዓመቱን ሙሉ የናፈቀው ግብዣ ነበር። "ቅዳሜ አይሆንልኝም" አለ። "ሰው ይጠብቀኛል።"

"የቀበሌው?"

"አዎ።"

"ታምነዋለህ?"

"አላውቅም፣ እማማ። ግን ብቀርበት ደግ አይመስለኝም።"

ገበያነሽ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው እየተነሡ "እንግዲያው ማክሰኞ እናደርገዋለን" አሉ።

እንዲህ ሆነ። ዋቅቶላ ማክሰኞ ከሰዓት ክር ሊገዛ እየወጣ ከወገኖቹ ጋር ይጸልያል፤ ቅዳሜ ከየሺጥላ ጋር ፊልም ያያል። የሺጥላ የማክሰኞውን አንድም ቀን አልጠየቀውም። ዋቅቶላ ይህንንም አለመጠየቁን መጀመሪያ ላይ ጠርጥሮት ነበር፤ ቆይቶ ደከመውና ተወው። መስከረም ላይ፣ ሸማኔዎቹ ለመስቀል ሊሳፈሩ ሲሉ፣ አግዳሚው እንደ ልማዱ ሞላ። በዚያ ዓመት ደረጃ ያወጡት ሁለት ሰዎች፣ ዋቅቶላና የሺጥላ ናቸው፤ ሁለተኛ በሚወጣው ፊልም ላይ አልተስማሙም፤ ሾዴ በመቀስ የመኪናውን ጠረጴዛ እየደበደበ ሊያስታርቃቸው ሲጮህ ድምፁ መንገድ ማዶ ይሰማ ነበር።